«ስፓኒሽ እንጀራ አይሆንም» ለተባለች የ11ኛ ክፍል ተማሪ

ውድ ጠያቂ፣ በባሕር ዳር የ11ኛ ክፍል የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ መሆንሽን፣ በልጅነታቸው ለትምህርት ወደ ኩባ ተልከው ከተመለሱት አጎትሽ ለሦስት ዓመት ስፓኒሽ ስትማሪ ቆይተሽ ቢ1 ከሚባለው መካከለኛ የቋንቋ ችሎታ ደረጃ መድረስሽንና ቀጥሎ ወዳለው ከፍተኛ ደረጃ፣ ወደ ቢ2 ማለፍ እንደምትፈልጊ፣ ማታ ማታም በስልክ በስፓኒሽ እንደምትጨዋወቺ ጽፈሻል። አባትሽ ግን «ስፓኒሽ እንጀራ አይሆንም፤ ፈተናሽን አጥኚ» ብለው ደብተርሽን ቆልፈውብሻል። የስፓኒሽ ፈተናው ክፍያ ከየት እንደሚመጣና የአጎትሽ የኩባ አነጋገር ያስነቅፍሽ እንደሆነም ጠይቀሻል።

አባትሽ ከተናገሩት ግማሹ እውነት ነው። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በተሰጠው የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ስፓኒሽም ከፈተናው ትምህርቶች አንዱ አይደለም። ይህን ያየ ወላጅ ቢፈራ አልፈርድበትም። «እንጀራ አይሆንም» የሚለውን ግን አልቀበልም፤ እኔ ራሴ በዚሁ ቋንቋ እንጀራ የበላሁ ሰው ነኝና። ወደ ዘጌ ገዳማት፣ ወደ ጢስ ዓባይና ወደ ጎርጎራ እንግዶችን እየመራሁ ለዘጠኝ ዓመት ስሠራ፣ ስፓኒሽ የሚናገር ቡድን በመጣ ቁጥር በእንግሊዝኛ ብቻ ከሚያስጎበኙት ጓደኞቼ የተሻለ የቀን ክፍያ አገኝ ነበር።

ይህን የምነግርሽ አባትሽን እንድትረቺበት አይደለም፤ ቀጥሎ የመጣውንም ስሚ። ኮሮና ሲገባ፣ በኋላም በክልላችን ግጭቱ ሲከተል፣ የእንግዶች ጀልባ ከወደቡ ሳይነሣ የሚውልበት ቀን በዛ፤ ከቋንቋው በቀር ሌላ ሙያ ያልያዝን ሰዎችም ባዶ እጃችንን ቀረን። በዚያ ወቅት አንድ መሥሪያ ቤት ስፓኒሽ የሚያውቅ ሠራተኛ ይፈልጋል ሲባል አመለከትሁ። ቃለ መጠይቁን ያለ ችግር አለፍሁ፤ ለአንድ ደንበኛ ቅሬታ የአንድ ገጽ መልስ እንድጽፍ ወረቀት ሲቀርብልኝ ግን እጄ ታሰረ። በ1622 እ.ኤ.አ. ጎርጎራ ስለሞተው ስፔናዊ ሚሲዮናዊ ስለ ፔድሮ ፓኤዝ ለአገሩ ሰዎች ግማሽ ሰዓት ሙሉ የምተርክ ሰው፣ በጆሮ የለቀምሁት ቋንቋ በብዕር አልወጣልህ አለኝ። ሥራውን ሌላ ሰው ወሰደው።

ስለዚህ «ከፍተኛ ደረጃ» ስትዪ ፈጥኖ መናገርን ብቻ አታስቢ። የስፔን መንግሥት የቋንቋና የባህል ተቋም የሆነው ሰርቫንቴስ በሚሰጠው ዴሌ በተባለው የቢ2 ፈተና ማንበብና መጻፍ በአንድ ምድብ፣ ማዳመጥና መናገር በሌላ ምድብ ይያዛሉ፤ ከእያንዳንዱ ምድብ ከ50 ቢያንስ 30 ማምጣት ግዴታ ስለሆነ ምላስሽ የቱንም ያህል ቢፈታ የብዕርሽን ጉድለት አይሸፍንልሽም። እስከ 12ኛ ክፍል ፈተና ድረስ በቀን ግማሽ ሰዓት ብቻ ስጪው፤ በስልክ የምታደርጊውን ጭውውት ትተሽ በዚያ ሰዓት አንድ አንቀጽ እየጻፍሽ በሳምንት አንድ ቀን አጎትሽን አሳርሚ። ብዙ ተማሪ የሚሰናከልበትን የግሥ ለውጥ ደግሞ በእንግሊዝኛ በኩል ሳይሆን በአማርኛችን በኩል ተረጂው፤ «ይመጣል» የሚለው «እንዲመጣ እፈልጋለሁ» ስንል መልኩን እንደሚለውጥ ሁሉ በስፓኒሽ «ቢዬኔ» (ይመጣል) የሚለውም «ኪዬሮ ኬ ቤንጋ» (እንዲመጣ እፈልጋለሁ) ሲባል ወደ «ቤንጋ» ይለወጣል። ይህን ግማሽ ሰዓት ለአባትሽ በግልጽ ንገሪያቸው፤ የሚያስፈራቸው ቋንቋው ሳይሆን ስልክ ይዘሽ የምታመሺው ማምሸት ይመስለኛል።

ዩኒቨርሲቲ ስትገቢ ግን ቋንቋን ብቻውን ዋና ትምህርት እንዳታደርጊ አጥብቄ እመክርሻለሁ። ያሳለፍሁት ሕይወት አድሏዊ አድርጎኝ ይሆናል፤ ቢሆንም ሒሳብ አያያዝን ወይም ሕግን አስቀድሚ። ስፓኒሽ ከአፍሪካ ኅብረት ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ አየር መንገዳችንም ወደ ማድሪድ ይበራል። እንዲህ ባሉት ቦታዎች እኔን የመሰለ ተናጋሪ ሳይሆን ስፓኒሽ የሚጽፍ የሒሳብ ባለሙያ ይሻላል ብዬ አምናለሁ። አባትሽም ዲግሪ ብቻውን እንጀራ ነው ብለው የሚያምኑ ከሆነ፣ ዲግሪ ይዘው ቤት የተቀመጡትን የሰፈራችሁን ልጆች ይቁጠሩ።

ስለ ክፍያው አትጨነቂ፤ የዴሌ ዲፕሎማ የሚያበቃበት ቀን ስለሌለው አሁን የሚያስቸኩልሽ ነገር የለም፣ የራስሽ ገቢ ሲኖርሽ ትፈተኚያለሽ። የኩባ አነጋገርም እንደ ማንኛውም የስፓኒሽ አነጋገር በፈተናው ተቀባይነት አለው፤ አጎትሽ በቃል መጨረሻ ላይ የሚውጡትን «ስ» ግን ስትጽፊ እንዳትረሺው።