የትኛው ጭስ ቀድሞ ይቀነስ?

ጥያቄ፦ በሰሜን ሸዋ፣ በደብረ ብርሃን ከተማ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። ኦዞን ከላይ ሆኖ ከፀሐይ ጎጂ ጨረር እንደሚከላከልልን ለተማሪዎቼ አስተምራለሁ፤ ከመሬት አጠገብ ሲሆን ግን ሳንባንና ሰብልን ይጎዳል ይባላል። በከተማችን ፋብሪካውም መኪናውም እየበዛ ስለሆነ፣ የትኛውን ልቀት ማስቀደም እንደሚሻል በስሌት ማወቅ ይቻላል?

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ ይቻላል፤ ያለ ስሌት የሚወሰደው እርምጃ ጭራሹኑ ሊያባብሰውም ይችላል። ከመሬት አጠገብ ያለው ኦዞን ከጭስ ማውጫ በቀጥታ አይወጣም። ከሞተር የሚወጣው ናይትሮጅን ኦክሳይድ ከቤንዚን ትነት፣ ከቀለምና ከቲነር፣ ከእንጨትና ከኩበት ጭስ ከሚነሡት ተናኝ ኦርጋኒክ ውህዶች ጋር በፀሐይ ብርሃን ሲገናኝ የሚፈጠር ነው፤ ይህንንም በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በሎስ አንጀለስ ጭጋግ ላይ ያሳዩት ኬሚስቱ አሪ ሃገን ስሚት ናቸው።

አስቸጋሪው ነገር ከሞተር ገና የወጣ ናይትሪክ ኦክሳይድ (ከናይትሮጅን ኦክሳይዶች አንዱ) በአጠገቡ ያለውን ኦዞን የሚያጠፋ መሆኑ ነው። ስለዚህ ከባድ መኪኖች በሚመላለሱበት በደሴ መንገድ ዳር ኦዞን ዝቅ ብሎ፣ ነፋሱ ጭሱን በወሰደበት የስንዴና የባቄላ ማሳ ላይ ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ከፍ ሊል ይችላል። ናይትሮጅን ኦክሳይድ በበዛበት መሃል ከተማ እርሱን በጥቂቱ ብቻ መቀነስ ኦዞንን ሊጨምር ይችላል፤ በገጠሩ ግን ዋናው መፍትሔ እርሱን መቀነስ ነው።

ስሌቱን የሚሠራው የኮምፒውተር ሞዴል አየሩን በሳጥን በሳጥን ከፍሎ፣ በየሰዓቱ ምን ያህል ልቀት እንደገባ፣ ነፋሱ ወዴት እንደወሰደው፣ ብርሃኑና ሙቀቱ ምን ያህል እንደሆነ፣ ምን ከምን ጋር እንደተዋሐደ ያሰላል። ውጤቱ ከመለኪያ ጋር ከተመሳከረ በኋላ የናፍጣ መኪኖች ልቀት በ30 በመቶ ቢቀንስ፣ ወይም የቲነሩ ትነት ቢቀንስ ምን እንደሚሆን እየለዋወጡ ማየት ይቻላል።

በእኛ አካባቢ እኔን የሚያሳስበኝ ባሕር ዛፉ ነው። በሞቃትና ብሩህ ቀን አይሶፕሪን የተባለ ፈጥኖ የሚዋሐድ ጋዝ ይለቃል፤ እርሱን ያልቆጠረ ሞዴል የፋብሪካውን ትነት መቀነስ ብቻ በቂ ነው ብሎ ያሳስታል። በአሜሪካ አትላንታ ከተማ ላይ በ1988 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ያሳየው ይህንኑ ነው፤ ዛፎች የሚለቁት ሲታሰብ ናይትሮጅን ኦክሳይድን መቀነስ የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። ከፍታውም አይዘነጋ። ከጣርማ በር ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወረድ ከ1,500 ሜትር በላይ ስለሚዘቀዘቅ፣ ሳጥኖቹ ሰፊ ከሆኑ ደጋውንና ቆላውን አንድ አድርገው ያሰላሉ።

ከሁሉ በፊት ግን ልኬት ይቅደም። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ገደብ በ8 ሰዓት አማካይ 100 ማይክሮግራም በሜትር ኩብ ነው። ያለ መብራት የሚሠሩት ርካሽ የመለኪያ ቱቦዎች የሳምንታትን አማካይ እንጂ የ8 ሰዓቱን አይሰጡም፤ ቢሆንም ከከተማው መሃልና ነፋሱ ከሚሄድበት ማሳ ላይ ጎን ለጎን ቢሰቀሉ፣ ተከታታይ መለኪያው የት መተከል እንዳለበት ያመለክታሉ።