ሞተር ተቀይሮ ሚኒሞው አልወርድ ሲል

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። መኪናዬ የ1994 እ.ኤ.አ. ኮሮላ ነው፤ ሞተሩ 5ኤ-ኤፍኢ፣ ማርሹ ማንዋል። የድሮው ሞተር ዘይት መብላት ስላበዛ ያገለገለ ተመሳሳይ ሞተር ገዝቼ አስቀየርኩ። ጉልበቱ አሪፍ ነው፣ ጭስም የለው። ችግሩ ሚኒሞው፣ ማለትም ነዳጅ ሳልረግጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት ነው። ጠዋት ሲነሳ በደቂቃ 1,800 ዙር ይላል፣ ሞቆም ከዚያ ንቅንቅ አይልም። መብራት ላይ ስቆም ሰው ዞሮ ያየኛል፤ የቤንዚኑ ነገርማ አይወራ። ጋራዡ «ሞተሩ ችግር አለበት፣ ሌላ ግዛ» አለኝ። ሌላ የምገዛበት አቅም የለኝም። እባካችሁ መላ በሉኝ። (ከሰሚት)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሌላ ሞተር እንዳትገዛ። ያለቀ ሞተር ጉልበት ያጣል፣ ያጨሳል፣ ይንቀጠቀጣል። 1,800 ላይ ረጋ ብሎ አይዞርም። እግርህን ከነዳጅ መስጫው ስታነሳ ስሮትሉ (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚከፍተውና የሚዘጋው በር) ይዘጋል፤ ተዘግቶም ሞተሩ እንደዚያ የሚዞር ከሆነ አየር በሌላ መንገድ እየገባለት ነው። ያንን መንገድ ፈልገህ መዝጋት ነው ሥራው። ሞተር ሲቀየር ደግሞ የማይፈታ ነገር ስለሌለ፣ ፍለጋው የሚጀመረው የሰው እጅ ከነካው ቦታ ነው።

መጀመሪያ የነዳጅ መስጫውን ኬብል እይ። ትንሽ ላላ ማለት አለበት። ተወጥሮ ከታሰረ ስሮትሉ ጨርሶ አይዘጋም፣ ይህ የደቂቃ ሥራ ነው።

ከዚያ ቀጫጭኖቹን የአየር ቱቦዎች። ብዙ ሰው የሚረሳው የመሪውን ፓምፕ ነው። እንዳንተ ባለ ኮሮላ መሪ ፓምፕ ላይ ትንሽ የአየር ቫልቭ አለ፤ መሪ ቆመህ ስታዞር ሞተሩ እንዳይጠፋ አየር ይጨምርለታል። ከሱ ሁለት ቀጭን ቱቦዎች ወደ ሞተሩ ይሄዳሉ። አንዱ ተሰንጥቆ ወይም ሳይገጠም ቀርቶ ከሆነ ሚኒሞው ወዲያው ይወጣል። ሞተሩ እየሠራ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ በፒንሳ፣ ጨርቅ ጠቅልለህ፣ ጫን አድርገህ ያዝ። ስትይዘው ሚኒሞው የወረደበት ቱቦ ላይ ቁም። ወደ ፍሬን የሚሄደውን ወፍራሙን ቱቦም አትለፈው፤ እሱ የሚኒሞ ብቻ ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ፍሬኑን ደጋግመህ ረግጠህ ያዝና አስነሳ፤ ፔዳሉ ትንሽ ዝቅ ማለት አለበት።

ምናልባት ጋራዡ «ቱቦ አየር ቢያስገባ ኖሮ ይንቀጠቀጥ ነበር» ይልህ ይሆናል። ለብዙ መኪና እውነት ነው፣ ላንተ ግን አይሠራም። ያንተ ሞተር የሚገባውን አየር የሚገምተው ማኒፎልዱ (ከስሮትሉ አየሩን ወደ ሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው ቱቦ) ውስጥ ካለው ግፊት ነው፤ ማፕ ሴንሰር የሚባለው ለዚህ ነው። ከስሮትሉ በኋላ ባለው ቦታ አየር ሲገባ ኮምፒውተሩ ግፊቱ መጨመሩን አይቶ ቤንዚኑንም ይጨምራል። ስለዚህ ሞተሩ ሳይንገዳገድ ፍጥነቱ ብቻ ይወጣል። ልክ እንዳንተው።

ቱቦዎቹ ደህና ከሆኑ የስሮትሉን መግቢያ ጎማ አውልቅ። ከስሮትሉ ሳህን ፊት ለፊት ትንሽ ቀዳዳ ታያለህ። ስሮትሉ ሲዘጋ ለሚኒሞ የሚበቃውን አየር ወደሚያሳልፈው ሚኒሞ ቫልቭ አየር የሚሄደው በሷ ነው። ሞተሩ እየሠራ በጣትህ ድፈናት። ፍጥነቱ ክፉኛ ከወረደ ወይም ሊጠፋ ከደረሰ አየሩ በቫልቩ በኩል ነው የሚገባው። ምንም ካልተለወጠ ቫልቩን ተወው፤ የማኒፎልዱንና የኢንጀክተሮቹን ጋስኬትና ጎሚኒ መርምር። አየር የሚገባበትን ለማግኘት እዚያ ላይ ቤንዚን የሚረጩ መካኒኮች አሉ፤ በጋለ ሞተር ላይ እሳት መጥራት ነው፣ እንዳታስደርግ። ውኃ በመርጫ ብትነፋበት የድምፁ ለውጥ ይነግርሃል።

ቫልቩ ሆኖ ከተገኘ ወዲያው አትቀይረው። ከሥሩ የራዲያተር ውኃ የሚያመላልሱ ሁለት ቱቦዎች አሉ። ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ ዳስሳቸው። ሞተሩ ግሎ እነሱ ቀዝቃዛ ከሆኑ ቫልቩም አልሞቀም ማለት ነው፤ ውኃ ሲሞላ አየር ታፍኖ ቀርቷል፣ ወይም ቱቦው ተዘግቷል። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ክዳኑን ክፈት፣ የውስጡን ማሞቂያ ሙቅ ላይ አድርግ፣ አስነስተህ አረፋው እስኪያበቃ ውኃ ጨምር። የሙቀት ሴንሰሩንም በቴስተር ለካ፤ ሁለት ሽቦ ያለውን፣ ምክንያቱም ባለ አንድ ሽቦው ለዳሽቦርዱ ጌጅ ብቻ ነው። 20 ዲግሪ ላይ ከ2 እስከ 3 ኪሎኦም፣ 80 ላይ ከ0.2 እስከ 0.4 ማሳየት አለበት። ሞቆም ብዙ ካሳየ ኮምፒውተሩ ሞተሩ ገና አልሞቀም ብሎ ያስባል፣ ሚኒሞውን አያወርድም።

አሮጌው ሞተር በእጅህ ካለ እንዳትሸጠው! የሱ ስሮትል ከነቫልቩ በዚህ መኪና ኮምፒውተር ሲሠራ የኖረ ነው። አጽድተህ በአዲስ ጋስኬት አዲሱ ሞተር ላይ ግጠመው። እኔ ብሆን ይህን ነበር የማደርገው።

ስሮትሉ ላይ ያለችውን የማቆሚያ ብሎን ግን ማንም በካቻቪቴ እንዳይነካት። ፋብሪካ ለክቶ የተዋት ናት። እሷን አዙሮ ሚኒሞ ማስተካከል ችግሩን ደብቆ ሌላ ይጨምራል።

አንድ ነገር ልጨምር። መካኒኩ ቫኪዩም ጌጅ (ማኒፎልዱ ውስጥ ያለውን የመሳብ ኃይል የሚለካ መሣሪያ) ሰክቶ «መጽሐፉ ከ17 እስከ 21 ኢንች ይላል፣ ያንተ 11 ነው፣ ሞተሩ ሞቷል» ቢልህ አትደንግጥ። ያ ቁጥር ለባሕር ወለል ነው። በየ300 ሜትሩ አንድ ኢንች ያህል ይቀንሳል፤ አዲስ አበባ ደግሞ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከ9 እስከ 13 ለኛ ከተማ ጤነኛ ነው። ለማነጻጸር ግን መጀመሪያ ሚኒሞው መውረድ አለበት።

ጥያቄ፦ የኔም ሞተር ተቀይሮ ነው፣ ግን ሚኒሞው ከ1,000 ወደ 1,800 እየወጣ ይወርዳል፣ አያርፍም። (ከአዳማ)

መልስ፦ ያንተም ትርፍ አየር ነው። ኮምፒውተሩ ስሮትሉ መዘጋቱን ያውቃል፤ ተዘግቶ ፍጥነቱ ከፍ ሲልበት መኪናው ቁልቁለት እየወረደ መስሎት ቤንዚን ይቆርጣል። ፍጥነቱ ይወርዳል፣ ቤንዚን ይመልሳል፣ እንደገና ይወጣል። ከላይ የጻፍኩትን ፍለጋ በሙሉ ሥራ። ሚኒሞው 800 አካባቢ ከረጋ በኋላ ማስለኰሻውንም (ሻማው እሳት የሚሰጥበትን ጊዜ) አስለካ፤ እነዚህ ሞተሮች ላይ በምርመራ ሶኬቱ ቲኢ1 እና ኢ1 የሚባሉት ቀዳዳዎች በሽቦ ተገናኝተው 10 ዲግሪ መሆን አለበት።

ጥያቄ፦ ሞተር ስቀይር ሊብሬው ላይ የሚነካ ነገር አለ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ አለ። የሞተር ቁጥሩ ሊብሬ ላይ ተጽፏል። ሞተሩን የገዛህበትን ደረሰኝ ያዝና ዓመታዊው ምርመራ ሳይደርስ ለውጡን አስመዝግብ። ከመግዛትህ በፊትም ሞተሩ ላይ ያለው ቁጥር ያልተፋቀ መሆኑን በዓይንህ እይ፤ የተፋቀ ከሆነ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ጥለኸው ሂድ።