የበሩን እጀታ ይዘው የጠየቁኝ ሰውዬ

በቅርቡ ለጀማሪ ሐኪሞችና ለሕዝብ ጤና ባለሙያዎች ስለ ወንዶች ጤና ገለጻ ሰጥቼ ወረቀቶቼን እየሰበሰብኩ ነበር። አንዲት ወጣት ሐኪም ጠጋ አለችና «ዶክተር፣ ወንዶች ሕመሙ ካልጠናባቸው በቀር ለምንድነው ወደ እኛ የማይመጡት?» አለችኝ። የተለመደውን መለስኩላት። ኩራት ነው፣ ፍርሃት ነው፣ «ወንድ ልጅ አያለቅስም» እየተባሉ ማደግ ነው አልኳት። አመስግናኝ ሄደች።

ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የነገርኳት ውሸት አይደለም። ግን ይመጣሉ እኮ! እኔ ጋ መጥተው ነበር።

ጊዜው እ.ኤ.አ. 1998 ነው። ሥራ ከጀመርኩ ገና ሦስተኛ ዓመቴ። ሌላው ሐኪም 20 ሰው ሲያይ እኔ 30 እሸኛለሁ፤ በዚያም እኮራ ነበር። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ሃምሳን ያለፉ፣ ኮታቸውን በደንብ የተኮሱ ሰውዬ ገቡ። ወገቤን ያመኛል አሉ። ነካ ነካ አደረግኳቸው፣ እግራቸውን ቀና አስደረግኳቸው፣ ምንም የለም። ማስታገሻ ጻፍኩ። የደም ግፊት መለኪያው እዚያው ጠረጴዛዬ ላይ ነበር፤ አልለካኋቸውም። ለወገብ ነዋ የመጡት። ከኮታቸው የደረት ኪስ የሲጋራ ፓኮ ብቅ ብሎ ይታይ ነበር። አይቼዋለሁ። ስለሱም አልጠየቅኩም።

ወረቀታቸውን ይዘው ተነሱ። በሩ ጋ ደርሰው እጀታውን ያዙና ዞር አሉ። «እኔ የምለው ዶክተር፣ ያ በዜና የሚወራው አዲሱ ኪኒን፣ ለእኔ ቢጤ ሰው ይሆናል?» አሉና ሳቁ።

ያን ዓመት በመጋቢት የስንፈተ ወሲብ ኪኒኑ ቪያግራ በአሜሪካ ተፈቅዶ ዓለም ሁሉ የሚያወራው እሱን ነበር። ቀልዱ ብዙ ነው። እኔም ሳቅኩ። «ምነው፣ ገና ጎረምሳ አይደሉ እንዴ!» አልኳቸው። ከዚያ ሐኪምነቴ ትዝ አለኝና «ድካም ነው፣ ትንሽ ዕረፍት ያድርጉ» ብዬ ጨመርኩ።

አልሄዱም። እጃቸው እጀታው ላይ እንዳለ ቆዩ። ምን ያህል እንደቆዩ አሁን መናገር አልችልም፤ እኔ የሚቀጥለውን ካርድ አንስቼ ስም እያነበብኩ ነበር። «እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ሲሉ ሰማሁ። በሩን ቀስ ብለው ነው የዘጉት።

ስምንት ወር ገደማ አልፎ ባለቤታቸው ለሆነ ጉዳይ ወረቀት ሊያጽፉ መጡ። አላወቅኋቸውም። ካርዱን ስከፍት የራሴን የእጅ ጽሑፍ አየሁ። «የወገብ ሕመም» ይላል፤ ሌላ የለም። ሰውየው ሌሊት ልባቸው ቆሞ ሞተዋል። ሴትዮዋ አልተቆጡም። «ለሐኪሙ ነግሬዋለሁ፣ ድካም ነው ብሎኛል ይለኝ ነበር» አሉኝ። ያ ሐኪም እኔ መሆኔን ያውቁ እንደሆነ አልገባኝም። ወረቀቱን ተቀብለው መርቀውኝ ወጡ። ምርቃቱ እስከ ዛሬ ይከብደኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለብልት ደም የሚያደርሱት የደም ቧንቧዎች ስፋታቸው ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ነው። የልቦቹ ከ3 እስከ 4 ይሆናሉ። ሲጋራ፣ ስኳር፣ ግፊትና ስብ የቧንቧን ግድግዳ ሲጎዱ ጉዳቱ የሚደርሰው በመላው አካል ነው፤ ጠቦ የሚያስቸግረው ግን ቀድሞ ቀጭኑ ነው። ስለዚህ በብዙ ወንዶች ላይ ስንፈተ ወሲብ ደረት ላይ ሕመም ከመሰማቱ ሁለት ሦስት ዓመት ቀድሞ ይታያል። ቪያግራ ራሱ እኮ መጀመሪያ የተሞከረው ለልብ ሕመም ነበር። ለደረት ሕመም ብዙም አልሆነም፤ ሌላው ነገሩ ግን በሙከራው ላይ በነበሩት ወንዶች ታወቀ። ናይትሬት የሚባሉትን የልብ መድኃኒቶች ለሚወስድ ሰው ደግሞ ግፊቱን ክፉኛ ይጥልበታል። ሰውየው ስለ ልባቸው የሚያስጠይቅ ጥያቄ በሩ ላይ አምጥተውልኝ እኔ ቀለድኩባቸው።

አድናቸው ነበር አልልም። ያኔ ይህን ዝምድና እንዲህ በግልጽ የሚያስተምር ብዙ አልነበረም። ግፊት መለካትና ስለ ሲጋራ መጠየቅን ግን ማንም ያውቅ ነበር።

አስተማሪያችን የነበሩ አንድ ሽማግሌ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነበሩ። ክፉ ሰው ናቸው፤ ነርሶቹን ያስለቅሱ ነበር፤ እኛንም በሕመምተኛ ፊት ያዋርዱናል። ግን ታካሚ ሲወጣ ሁልጊዜ ተነስተው እስከ በሩ ይሸኙት ነበር። ኮሪደሩ ላይ ቆመው ሲያወሩ አይተን «ደሞ ጀመሩ» እያልን እንስቃለን። ሰዓት የሚያባክኑ ይመስለን ነበር። እዚያ በር ላይ ምን ይሰሙ እንደነበር የገባኝ ዘግይቶ ነው። ከእሳቸው ከተማርኳቸው ነገሮች ሁሉ የረሳሁት ዋናውን ነው።

ለእናንተ ለጀማሪ ሐኪሞቹ ሲጋራ አስቁሙ፣ ስፖርት እዘዙ አልልም። ታውቁታላችሁ። የማዝንባችሁ ሌላ ነገር ነው፤ ዓይናችሁ ከኮምፒውተሩ አይነቀልም። ታካሚው ስክሪኑን እያያችሁ እንደምታወሩት ያውቃል። በእጀታው ላይ ያለውን እጅ እኔ በካርድ ምክንያት አጣሁት፣ እናንተ በስክሪን ልታጡት ነው።

ሆኖም ልበድላችሁ አልፈልግም። እናንተ ቃሉን ሳታፍሩ ትጠሩታላችሁ። እኔ በናንተ ዕድሜ «ስንፈተ ወሲብ» ለማለት ወለል ወለሉን ነበር የማየው። ያቺ ወጣት ሐኪም ስትጠይቀኝ ፊቷ እንኳ አልቀላም። ከኔ ትሻላላችሁ፤ ስክሪኑን ዝጉ እንጂ።

ጂም የሚያዘወትሩት ወጣቶችም አሉ። ቴስቶስትሮን የሚባለውን የወንድነት ሆርሞን በመርፌ ይወስዳሉ። ከውጭ ሲገባ አንጎል ወደ ዘር ፍሬ የሚልከው ትእዛዝ ይቀንሳል፤ የዘር ፈሳሹ ውስጥ ያለው የወንድ ዘር ቁጥርም አብሮ ይወርዳል። ይህን ለጓደኛቸው ይነግራሉ እንጂ ለእኛ አይደለም። «ጡንቻህ አምሯል፣ ምን ትወስዳለህ?» ብላችሁ ብትጠይቁ ግን ብዙዎቹ ይነግሯችኋል፤ እንዲያውም በኩራት።

በሕዝብ ጤና በኩል ላላችሁት ደግሞ አንድ ሥራ ያስቀናኛል። እ.ኤ.አ. 2018 የታተመ የሎስ አንጀለስ ጥናት ነው። የልብ ሐኪሙ ሮናልድ ቪክተርና ባልደረቦቹ በ52 ፀጉር ቤቶች ግፊታቸው ከፍ ያለ 319 ጥቁር አሜሪካውያን ወንዶችን ይዘው ሠሩ። በአንደኛው ወገን ፀጉር አስተካካዩ ሐኪም እንዲያዩ መከራቸው። በሌላው ፋርማሲስት ፀጉር ቤቱ ድረስ መጥቶ መድኃኒት አስተካከለላቸው። በ6 ወር ውስጥ የላይኛው የግፊት ቁጥር በፋርማሲስቱ ወገን በአማካይ በ27 ወረደ፤ በሌላው በ9 ገደማ። ምክሩ ብቻውን ያን ያህል አልተጓዘም፤ የሚያክመው ሰው አብሮ ወንበሩ ድረስ ሄደ።

ያቺ ልጅ ለምን አይመጡም አለችኝ አይደል? እንግዲህ የራሴንም ልናገር። ስልሳን ካለፍኩ በኋላ ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ እየተነሳሁ ሽንት መሽናት ጀመርኩ። ፕሮስቴት የሚባለው የወንዶች እጢ ጣጣ መሆኑን አውቃለሁ፤ ሕይወቴን ሙሉ ለሌሎች ያስረዳሁት ነው። ሁለት ዓመት ዝም አልኩ። ውሃ ስለምጠጣ ነው፣ ብርዱ ነው እያልኩ ራሴን አታለልኩ። በመጨረሻ አንድ ወጣት የሥራ ባልደረባዬ ጋ ሄድኩ። ጉልበቴን አሞኝ ነው አልኩት። ጉልበቴን አየልኝ፣ ቅባት ጻፈልኝ፣ ተነስቼ መሄድ ጀመርኩ።

በሩ ጋ ስደርስ እጀታውን ያዝኩና «ሌላም ትንሽ ነገር ነበረች፣ ግድ የለም፣ ሌላ ቀን» አልኩት።

ውጭ ሰው ተሰልፎ ይጠብቅ ነበር። ልጁ ብዕሩን አስቀመጠ። «ዶክተር፣ ይምጡ፣ ይቀመጡ እስቲ» አለኝ።