ፋይብሮብላስት ሳህኑን ሲወርሰው

ከሐዋሳ አንዲት ተማሪ እንዲህ ስትል ጽፋልኛለች፦ «ጋሼ፣ ለማስተርስ ጥናቴ ታካሚዎች ፈቅደው ከሰጡት ነርቭ ሽቫን ሴል (የነርቭ ክሮችን የሚሸፍነውን ሴል) ለማሳደግ እየሞከርኩ ነው። ነርቩን ቆራርጬ በዚያው ቀን ኮላጅኔዝ በተባለ ኢንዛይም ዳይጀስት አደርገዋለሁ (ሴሎቹን እንዲለያያቸው)። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሽቫኑን የሚያባዙትን ሄሬጉሊንና ፎርስኮሊን እሰጣለሁ። ቀጫጭን ሴሎች ብቅ ይላሉ። በሁለተኛው ሳምንት ግን ሰፋፊ ጠፍጣፋ ሴሎች ሳህኑን ይሞሉታል። ከአይጥ ፕሮቶኮል አይቼ አራ-ሲ የተባለውን መድኃኒት ጨመርኩ፤ ጭራሽ ባሰ። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ ጠፍጣፋዎቹ ፋይብሮብላስት፣ ማለትም የአያያዥ ሥጋ ሴሎች፣ ናቸው። ከውጭ የገቡ እንዳይመስልሽ፤ ከነርቩ ጋር አብረው የመጡ ናቸው። በብዛት የሚገኙትም ነርቩን ከላይ በሸፈነው ወፍራም ሽፋን ውስጥ ነው።

በመጀመሪያ አራ-ሲውን ተዪው። ይህ መድኃኒት ሽቫንን ከፋይብሮብላስት አይለይም። የሚገድለው ዲኤንኤውን እያባዛ ያለን ሴል ነው። አዲስ ከተወለደ አይጥ በተወሰደ ነርቭ ላይ የሚሠራው፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሽቫኑን የሚያባዛ ነገር ስለማይሰጥ ነው። በሴረም (ከደም በሚወጣው ፈሳሽ) ብቻ ፋይብሮብላስቱ ቶሎ ቶሎ ይባዛል፣ ሽቫኑ ይዘገያል፣ መድኃኒቱም የቸኮለውን ይመታል። አንቺ ግን በሄሬጉሊንና በፎርስኮሊን ሽቫኑን ለመባዛት ቀስቅሰሽ፣ ወዲያው መርዙን አቀረብሽለት። ባይብስ ነበር የሚገርመው።

ዋናው ሥራ ያለው ከኢንዛይሙ በፊት ነው። ብዙዎች የሚቸኩሉትም እዚሁ ላይ ነው። ነርቩን ቀዝቃዛ ሚዲየም ውስጥ አድርጊና በስቴሪዮ ማይክሮስኮፕ እያየሽ በሁለት ቀጫጭን ፒንሴቶች ሥሪ። በአንዱ የውጪውን ሽፋን ያዢ፣ በሌላው በውስጡ ያሉትን ፋሲክሎች (የነርቭ ክር እሽጎች) አንድ በአንድ ጎትተሽ አውጪ። ሽፋኑን ጣዪው። አሰልቺ የእጅ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ከፋይብሮብላስቱ አብዛኛውን እዚሁ ትገላገይዋለሽ።

ከዚያ ፋሲክሎቹን በጥቂት ሚሊሜትር ቆራርጪ። በዚያው ቀን ዳይጀስት አታድርጊ! የአዋቂ ሰው ሽቫን ሴል ማይሊን በተባለው የነርቭ ክር ቅባታማ ልባስ ውስጥ ተጠቅልሎ ነው ያለው። በቀጥታ ኢንዛይም ሲገባበት የሚተርፈው ጥቂት ነው፤ እሱም ለመባዛት ዝግጁ አይደለም። ቁርጥራጮቹን 10 በመቶ ሴረም፣ 10 ናኖሞላር ሄሬጉሊንና 2 ማይክሮሞላር ፎርስኮሊን ባለው ሚዲየም ውስጥ በ37 ዲግሪ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት አቆዪያቸው። ሚዲየሙን በየሁለት ሦስት ቀኑ ቀይሪ። በዚህ ጊዜ የተቆረጡት አክሶኖች (የነርቭ ክሮች) ይበሰብሳሉ፣ ማይሊኑ ይፈራርሳል፣ ሽቫኑ ወደ ልጅነት ጠባዩ ተመልሶ መባዛት ይጀምራል። ሰውነት ውስጥ ነርቭ ሲቆረጥ የሚሆነው ይኸው ነው። ቁርጥራጮቹ ሳህኑ ላይ ተጣብቀው ጠፍጣፋ ሴሎች መውጣት ከጀመሩ፣ ቁርጥራጮቹን አንስተሽ ወደ አዲስ ሳህን ውሰጃቸው። የወጡትን እዚያው ተያቸው። ኢንዛይሞቹ ኮላጅኔዝና ዲስፔዝ የሚገቡት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ሴሎቹ እንዲጣበቁ ሳህኑን በፖሊላይሲንና በላሚኒን ቀቢ። ፖሊላይሲኑን ደጋግመሽ እጠቢው፤ ሳህኑ ላይ ሳይጣበቅ የቀረው ፖሊላይሲን ሴሎቹን ይገድላል። ላሚኒኑ ፍሪጅ ውስጥ ቀስ ብሎ ይቅለጥ፤ ድንገት ከሞቀ ይረጋብሻል።

አሁን እጅሽ ላይ ያለውንም ሳህን ለመጣል አትቸኩዪ። ካልሲየምና ማግኒዥየም በሌለው የጨው ፈሳሽ እጠቢው፣ ከዚያ ሴሎችን ከሳህኑ የሚያላቅቀውን ኢንዛይም፣ ደካማ ትሪፕሲን፣ በክፍሉ ሙቀት ጨምሪና ዓይንሽን ከማይክሮስኮፑ አታንሺ። እንደ እንዝርት የቀጠኑት ቀድመው ይለቃሉ። ልክ ሲንሳፈፉ በሴረም አቁሚና እነሱን ብቻ ሰብስቢ። የሰበሰብሽውን ባልተቀባ ፕላስቲክ ላይ ለግማሽ ሰዓት ያህል አሳርፊው። ፋይብሮብላስቱ ቶሎ ይጣበቃል፤ የተንሳፈፈውን ወደ ላሚኒኑ ሳህን አዛውሪ። ገንዘብ ካለ በፒ75 (የሽቫን ሴል ምልክት የሆነ ፕሮቲን) አንቲቦዲና በማግኔት መለየት ይበልጣል። ግን ውድ ነው፣ ሪኤጀንቱ እስኪመጣም ዕድሜ ይሄዳል።

አንድ የከፍታ ጉዳይም አለ። ሐዋሳ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስለሚሳሳ 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እዚያ የሚሰጠው ግፊት ከባሕር ዳርቻው ያነሰ ነው። ሚዲየምሽ ኢንኩቤተር ውስጥ አድሮ ወደ ሮዝ ካደላ ፒኤቹን ለኪ። ከፍ ካለ ጋዙን ወደ 6 በመቶ አስጠጊው። በስክሪኑ ቁጥር ብቻ አትተማመኚ፤ ሴንሰሩ የት እንደተስተካከለ ይወስነዋል።

ንጽሕናውን በቅርጽ ብቻ አትፍረጂ። ሲጨናነቅ ፋይብሮብላስትም ይቀጥንና ያታልላል። የሽቫን ምልክቶች በሆኑት በኤስ100 እና በፒ75 አቅልሚ፣ ኒውክሊየሱንም ዳፒ በተባለው ቀለም። ከዚያ ቁጠሪ።

የአዋቂ ሰው ሽቫን ሴል ከጥቂት ፓሴጅ (ወደ አዲስ ሳህን ማዛወር) በኋላ ይደክማል፤ ፋይብሮብላስቱ ግን ይቀጥላል። ስለዚህ ንጹሕ ሳህን እንዳገኘሽ፣ በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ፓሴጅ፣ ከፊሉን በፈሳሽ ናይትሮጅን አቀዝቅዘሽ አስቀምጪ። ሙከራሽንም በቀሪው ጀምሪ።