መልስ፦ ልጁ ፕሮሰስ ሪድ ላይ ቆሞ የሚቀረው ለምንድን ነው?

በሶኬትፔር (socketpair፣ ሁለት ፕሮሰሶች የሚነጋገሩባቸው የተጣመሩ ሶኬቶች) ወላጅና ልጅ ፕሮሰስ አገናኝተህ፣ ወላጁ ጽፎ ከዘጋ በኋላም ልጁ ሪድ (read፣ የማንበቢያ ጥሪ) ላይ ቆሞ ይቀራል ብለሃል። ጥፋቱ ያልተዘጋ ጫፍ ነው። ሶኬትፔር 2 ፋይል ዲስክሪፕተር (ለእያንዳንዱ ጫፍ አንድ መለያ ቁጥር) ይሰጥሃል፤ ፎርክ ስታደርግ (fork፣ ልጁን ፕሮሰስ ስትፈጥር) ልጁም የሁለቱን ቅጂ ስለሚወርስ 4 ይሆናሉ። ልጁ የወላጁን ጫፍ ቅጂ እስከያዘ ድረስ ለከርነሉ (ለስርዓተ ክወናው እምብርት) ያ ጫፍ ገና ክፍት ነው፤ ሪድም ማብቃቱን የሚያሳየውን 0 አይመልስም።

ስለዚህ ከፎርክ በኋላ፣ ሌላ ሥራ ሳይጀመር፣ ሶኬትፔር ከሞላው ድርድር (array) ውስጥ ወላጁ ቁጥር 1ን (የልጁን ጫፍ)፣ ልጁ ቁጥር 0ን (የወላጁን ጫፍ) ይዝጋ። ወላጁ የልጁን መልስ የሚጠብቅ ከሆነ ግን በክሎዝ (close) ፈንታ ሸትዳውን (shutdown) ተጠቅሞ የመጻፊያውን አቅጣጫ ብቻ ይዝጋ፤ ይህ የተረሳ ቅጂ ቢኖርም ይሠራል።

ስትሪም (ተከታታይ የባይት ፍሰት የሚያስተላልፍ ሶኬት) የመልእክት ድንበር እንደማይጠብቅም አትርሳ፤ በሁለት ራይት (write፣ የመጻፊያ ጥሪ) የተላኩ መልእክቶች በአንድ ሪድ ተጣብቀው ሊመጡ ይችላሉ። ከእያንዳንዱ መልእክት በፊት ርዝመቱን በ4 ባይት ላክ።