የተቀበረ የናፍጣ ታንከር አወጣጥ

ሐዋሳ ያለው ግቢህ ውስጥ የተቀበረውን የናፍጣ ታንከር ጉድጓዱ ውስጥ እንዳለ በግራይንደር ቆርጬ ላውጣው ወይ ብለህ ጠይቀኸኛል። አይሆንም ወንድሜ፣ አትቁረጠው። ናፍጣው ቢያልቅም ውስጡ የቀረው ትነት በአንዲት የእሳት ፍንጣሪ ሊፈነዳ ይችላል።

መጀመሪያ የተረፈውን ናፍጣና ዝቃጭ በእጅ ፓምፕ ወደ በርሜል ቅዳ። ዝቃጩን ለመጥረግ ብለህ ሰው እንዳታስገባ፤ ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ ታች ተኝቶ ያፍናል። ከዚያ ዙሪያውን አስቆፍር፣ ቧንቧዎቹን በመፍቻ ፍታና ሳይቆረጥ ሙሉውን በክሬን አስነሳ። ናፍጣ የሚሸት አፈር ካገኘህ ለብቻ ለይተህ ላስቲክ ላይ ከምር፣ መልሰህ አትሙላበት።

ሐዋሳ ላይ፣ በተለይ ወደ ሐይቁ ከተጠጋህ፣ ክረምት ላይ አትጀምር። የከርሰ ምድር ውሃው ቅርብ ነው። 5000 ሊትር የሚይዝ ባዶ ታንከር ሙሉ በሙሉ በውሃ ከተከበበ ውሃው በ5 ቶን ጉልበት ወደ ላይ ይገፋዋል፤ የብረቱ ክብደት ደግሞ ከዚያ በጣም ያንሳል። ጥር ወይም የካቲት ይሻልሃል፤ ናፍጣውንም ቁፋሮው ሊጀመር ሲል ቅዳው እንጂ ባዶውን አታክርመው።