ፊቱ ላይ «ዩቲዩብ» የተጻፈበት ያገለገለ ዴክ ልግዛ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሐዋሳ፣ አቶቴ ነው። የድሮው ዲቪዲ ማጫወቻችን ከተበላሸ ሁለት ዓመት አልፎታል። በ1999 ዓ.ም. የተደረገው የሠርጋችን ሲዲዎች፣ የልጆቹ ክርስትና፣ መዝሙሮችና ፊልሞች በካርቶን ተቀምጠዋል። ቴሌቪዥናችን 32 ኢንች ጠፍጣፋ ነው፤ ኤችዲኤምአይ አለው፣ ኢንተርኔት ግን የለውም። ሰሞኑን ፒያሳ አካባቢ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ ከአሜሪካ የመጣ ብሉሬይ ማጫወቻ (ከዲቪዲ በኋላ የመጣውን ጥራቱ ከፍ ያለ ዲስክ ጭምር የሚያጫውት ዴክ) አየሁ። ፊቱ ላይ ዩቲዩብና ኔትፍሊክስ ተጽፎበታል። ሻጩ አብርቶ ምልክቶቹን በስክሪኑ አሳየኝና «ይህ ቴሌቪዥንሽን ስማርት ያደርገዋል» አለኝ። ከጀርባው 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ይላል። የባለቤቴ ወንድም ደግሞ «የዴክ ጊዜ አልፏል፤ አንድሮይድ ቦክስ ግዢ» ይለኛል፤ ከቴሌቪዥን ጋር ተገናኝቶ ኢንተርኔት የሚያሳየውን ትንሽ ሳጥን ማለቱ ነው። የማንን ልስማ?

መልስ፦ እህቴ፣ የደብዳቤዎን ዋና ነገር የጻፉት እንደ ዋዛ ነው፤ ከጀርባው ያለውን ቁጥር ማለቴ ነው። ገዢ የዕቃውን ፊት ያያል፤ እኛ ጠጋኞች መጀመሪያ የምናገላብጠው ጀርባውን ነው።

የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ብዙ ማጫወቻዎች «ከ100 እስከ 240 ቮልት» የሚል ይጻፍባቸዋል፤ እነዚያ የትም አገር ቢሰኩ ግድ የላቸውም። 120 ብቻ የተጻፈበት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። 220 ቮልት ዴኩ ውስጥ ገብቶ ወደ ቀጥተኛ ጅረት ሲለወጥ 310 ቮልት ገደማ ይደርሳል፤ ለ120 በተሠራ ዕቃ ውስጥ ይህንን የሚቀበለው ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ክፍል) ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ200 ቮልት በላይ አይችልም። አንድ ደንበኛዬ ከውጭ የተላከለትን ዴክ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰክቶት አመጣልኝ። ክዳኑን ስከፍት ካፓሲተሩ እንደ ፈንዲሻ ፈክቶ ጠበቀኝ።

እርስዎ ሱቁ ውስጥ ሲበራ አይቻለሁ ብለዋል። እንግዲያው ከጠረጴዛው ሥር ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር አለ ማለት ነው። አብሮ ይሸጥ እንደሆነ ይጠይቁት። ዴክ ብዙ መብራት ስለማይበላ የ100 ዋት ትራንስፎርመር ከበቂ በላይ ነው። ቤትዎ ስታቢላይዘር ካለም ጀርባውን ይመልከቱ፤ አንዳንዶቹ 110 ቮልት የሚል መውጫ አላቸው፣ ያ ይሠራል። ስልሳ ኸርዙ አያስጨንቅዎ።

ይህ እንግዲህ ጥቂት ገንዘብ የሚፈታው ችግር ነው። የሚቀጥለው ግን ይከብዳል።

ዲስኮች በክልል ተከፋፍለው እንደሚቆለፉ ሰምተው ይሆናል። በዲቪዲ አሜሪካ ክልል 1 ናት፣ እኛ ክልል 5፤ በብሉሬይ ደግሞ አሜሪካ «ኤ» ናት፣ አፍሪካ «ቢ»። ሰው ሁሉ የሚፈራው ይህንን ቁልፍ ነው። ነገር ግን ቁልፉ ያለው ፋብሪካ በሚያትማቸው ፊልሞች ላይ እንጂ ቪዲዮ አንሺው በኮምፒውተሩ በቀዳው የሠርግ ዲስክ ላይ አይደለም። የእርስዎን ሠርግ የሚያግተው ሌላ ነው፦ የምስሉ ሥርዓት። በእኛ አገር የተቀረጸው በፓል ነው፤ በሰከንድ 25 ምስል። አሜሪካ የምትጠቀምበት ኤንቲኤስሲ ሲሆን በሰከንድ 30 ገደማ ነው። ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ ብዙ ብሉሬይ ማጫወቻዎች የፓል ዲስክ ሲጎርሱ «ይህን ዲስክ ማጫወት አይቻልም» ብለው ይተፉታል። በእኛ አገር የሚሸጡት ተራ ዲቪዲ ዴኮች ሁለቱንም ስለሚቀበሉ ይህንን ብዙ ሰው የሚያውቀው ከገዛ በኋላ ነው።

ሌላም የጠረጠርኩት አለ። «የሠርጋችን ሲዲዎች» ብለው በብዙ ቁጥር ጽፈዋል። አንድ ቪሲዲ (ቪዲዮ የተቀዳበት ሲዲ) የሚይዘው 74 ደቂቃ ያህል ብቻ ስለሆነ በዚያ ዘመን አንድ ሠርግ በሦስትና በአራት ዲስክ ተከፋፍሎ ይሰጥ ነበር። ዲስኮችዎ ቪሲዲ ከሆኑ ብዙ የብሉሬይ ሞዴሎች ፈጽሞ አያውቋቸውም፤ በዝርዝራቸው ውስጥ አልተካተተም። ባለ 25 እና ባለ 50 ጊጋ ባይት ዲስክ እንደ ውኃ የሚያነበው ማሽን የእርስዎን ሙሽርነት ማሳየት ያቅተዋል። ስንት ደንበኛ ፊቱን አጥቁሮብኝ እንደሄደ እኔ ነኝ የማውቀው፤ እኔ የሠራሁት ይመስል።

አሁን ሻጩ ወደ ተመካባቸው ምልክቶች እንምጣ። ዋጋ ሲከራከሩ ምልክቶቹን እንደ ዜሮ ይቁጠሯቸው። አንድ ዴክ ውስጥ ሁለት ዕቃ አለ፦ ዲስክ የሚያነበው ክፍልና ኢንተርኔት ላይ የሚወጣው ትንሽ ኮምፒውተር። ዲስክ የሚያነበው ሲደክም ወደ እኔ ይመጣል፤ ሌንሱ ይጸዳል፣ መሳቢያውን የሚጎትተው ላስቲክ ይቀየራል፣ ካፓሲተሩ ይበየዳል። ኢንተርኔቱ ግን የሚሞተው ሐዋሳ አይደለም። ባሕር ማዶ ያለ ድርጅት «ከእንግዲህ ይህን ሞዴል አናስተናግድም» ያለ ዕለት ያበቃለታል፤ እዚያ ድረስ ደግሞ የእኔ መበየጃ አይደርስም። ዩቲዩብ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2015 የድሮውን የመገናኛ ሥርዓት ሲዘጋ በ2012 እና ከዚያ በፊት በተሠሩ ብዙ ቴሌቪዥኖችና ብሉሬይ ማጫወቻዎች ላይ የነበረው መተግበሪያ ሥራ አቆመ። ኔትፍሊክስም እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ አንዳንድ አሮጌ መሣሪያዎችን ተሰናብቷል። ምልክቱ ግን ከስክሪኑ ላይ አይነሣም። ስሙ በሩ ላይ ቀርቷል፣ ተከራዩ ከለቀቀ ቆይቷል።

የማይታይ ሌላ ምክንያትም አለ። ማጫወቻው ከፋብሪካ ሲወጣ በኢንተርኔት ማንን ማመን እንዳለበት የሚነግሩት ዲጂታል ምስክር ወረቀቶች ይጫኑበታል፤ እነርሱም የሚያበቁበት ቀን አላቸው። አምራቹ ካላደሰለት አንድ ቀን ማንንም አላምንም ብሎ ይቀመጣል። አልፎ አልፎ ግን ጥፋቱ የቀኑ ብቻ ነው፦ መብራት ሄዶ ሲመጣ የዴኩ ሰዓት ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ቀኑን ስናስተካክልለት መስመሩ ይከፈታል። ስለዚህ ተስፋ ከመቁረጥዎ በፊት ቀኑን ይመልከቱ። ይባስ ብሎ እ.ኤ.አ. በጁን 2020 የአንድ ትልቅ አምራች ብሉሬይ ማጫወቻዎች በኢንተርኔት በገባባቸው የተበላሸ ፋይል ምክንያት በብዙ አገሮች እየጠፉ እየበሩ ዲስክ እንኳ ማጫወት ተስኗቸው ነበር። እኔ ከዚያ ወዲህ ዲስክ ብቻ የሚያይ ደንበኛ ዴኩን ከኢንተርኔት እንዲያላቅቅ ነው የምመክረው።

ሻጩ «ይሠራል» ካለ ይሥራ እንጂ። ስልክዎን ሆትስፖት ያድርጉና ያገናኙት። ስልኩን በ2.4 ጊጋ ኸርዝ ላይ ያድርጉት፤ አሮጌ ማጫወቻ ብዙውን ጊዜ ባለ 5ቱን አያየውም። «ለዋይፋይ ዝግጁ» የሚል ጽሑፍ ካለበት ደግሞ ዋይፋይ አለው ማለት አይደለም፤ ለብቻው የሚሸጥ፣ ዛሬ ማግኘቱ የሚከብድ የአምራቹ መቀበያ ያስፈልገዋል። ከዚያ ዩቲዩብን ይክፈቱ፣ አንድ መዝሙር ይፈልጉ፣ አሥር ደቂቃ ያጫውቱ። ምልክት ማሳየት ማጫወት አይደለም። ወጪውንም ያስሉት፦ በሰከንድ 5 ሜጋ ቢት የሚፈስ ምስል በአንድ ሰዓት 2.25 ጊጋ ባይት ይበላል። ቤትዎ ፋይበር ከገባ ግድ የለም፤ በስልክ ጥቅል ከሆነ ግን ሁለት ፊልም ሳያልቅ ጥቅሉ ያልቃል።

እውነተኛው ፈተና የዲስኩ ነው፤ እዚህ ላይ አይቸኩሉ። ብሉሬይ ማጫወቻ ለሦስት ዓይነት ዲስክ ሦስት ዓይነት ብርሃን ይጠቀማል፦ ለብሉሬይ 405 ናኖ ሜትር የሆነ ሐምራዊ፣ ለዲቪዲ 650 የሆነ ቀይ፣ ለሲዲ 780 የሆነ በዓይን የማይታይ። አንዱ ሲደክም ሌላው ደኅና ሊሆን ይችላል። ሻጩ በአንድ ንጹሕ የፊልም ዲቪዲ ቢያሳይዎ ያረጋገጠልዎ ከሦስቱ አንዱን ብቻ ነው። ስለዚህ የራስዎን ዲስኮች ይውሰዱ፦ አንድ የሠርግ፣ አንድ የመዝሙር ሲዲ፣ አንድ ጫር ጫር ያለ ዲቪዲ። ሻጩ የብሉሬይ ዲስክ ካለው ያንንም ያስገባ።

ዲስኩ ከተነሣ በኋላ መጀመሪያውን ብቻ አይተው አይርኩ። ዲስክ የሚነበበው ከመሐል ወደ ዳር ነው፤ ዳሩ ላይ መወዛወዙ ስለሚበዛ የደከመ ሌንስ መጀመሪያ የሚሰናከለው እዚያ ነው። በሪሞቱ ወደ መጨረሻው ክፍል ይዝለሉ፤ ሙሽሮቹ ኬክ ከሚቆርሱበት ይመልከቱ። ምስሉ በትናንሽ ካሬዎች ከተሰባበረ ወይም ድምፁ ከተቆራረጠ ሌንሱ ወይ ቆሽሿል ወይ አርጅቷል። የቆሸሸ ሌንስ በንጹሕ አልኮልና በጥጥ ይድናል፤ የሐይቅ ዳር ቤቶች ዴክ ስከፍት ከአቧራው ይልቅ ማታ ማታ መብራት ብለው የገቡት ትንኞች ናቸው የሚበዙት። ያረጀ ሌንስ ግን ምትኩ ለብሉሬይ እዚህ ስለማይገኝ ያው መጣል ነው። መሳቢያውንም አምስት ጊዜ ያስከፍቱ፤ ከተንቀረፈፈ ላስቲኩ ለስልሷል፣ ያ ቀላል ጥገና ነው። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ ዴኩ ግማሽ ሰዓት በርቶ ይቆይ፤ ሲሞቅ የሚጠፋ ዕቃ ቀዝቃዛ ሳለ አይታወቅም።

ፍላሽ ማጫወት ከፈለጉም ይሞክሩት። አሮጌዎቹ ኤች 265 የተባለውን አዲሱን የምስል አጨማመቅ አያነቡም፤ ከሥሩ የጽሑፍ ትርጉም ያለው ፊልም ቢያስገቡ የአማርኛ ፊደሉ በሳጥን ሳጥን ሊወጣ ይችላል። ለዚህ መድኃኒት የለኝም።

የባለቤትዎ ወንድም ስለ ቦክሱ ተሳስቷል አልልም። ለዩቲዩብ ቦክስ ይሻላል፤ ሲያረጅም በርካሽ ይተካል። ብቻ የኔትፍሊክስ ፈቃድ የሌለው ቦክስ ምስሉን ከ480 መስመር በላይ እንደማያሳይ ይወቁ፤ ኔትፍሊክስ ራሱም በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ይጠይቃል። የተሳሳተው «የዴክ ጊዜ አልፏል» ሲል ነው፤ የካርቶንዎን ዲስኮች ቦክሱ በየት በኩል ይጎርሳቸዋል?

እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ለዲስኮቹ ፓልና ቪሲዲ የሚያነብ፣ በ220 የሚሠራ ተራ ዲቪዲ ዴክ እገዛለሁ፤ ኢንተርኔት ካሻኝ ቦክሱን ለብቻው እጨምራለሁ። ሁለቱ ተደምረው ከዚያ ብሉሬይ ላይበልጡ ይችላሉ፤ አንዱ ሲበላሽም ሌላው ይቀራል። ብሉሬዩን የምገዛው ሦስት ነገር ከተሟላ ብቻ ነው፦ የሠርግ ዲስክዎን ካነበበ፣ ትራንስፎርመሩ አብሮ ከመጣ፣ ዋጋው ወደ ተራ ዲቪዲ ዴክ ዋጋ ከወረደ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ሥራ አለ። በኮምፒውተር የተቀዳ ዲስክ ምስሉን የሚይዘው በቀለም ላይ ነው፤ ቀለሙ በሙቀትና በፀሐይ እየደበዘዘ ይሄዳል፤ የእርስዎ ሠርግ ደግሞ የ1999 ነው። ዲስክ ማንበቢያ ያለው ኮምፒውተር ካለው ሰው ጋር ሄደው ሁሉንም ያስገልብጡ። 32 ጊጋ ባይት ፍላሽ ስድስት ሙሉ ዲቪዲ ይይዛል፣ ቪሲዲ ከሆነማ ሠርጉ ከነመልሱ ገብቶ ቦታ ይተርፋል። አንዱን ቅጂ ቤት ያስቀምጡ፣ ሌላውን ዘመድ ዘንድ። ወደ ሱቁ ለሙከራ ይዘው የሚሄዱትም በአዲስ ዲስክ ላይ የተቀዳውን ቅጂ ይሁን፤ የማያውቁት ዴክ አንድዬውን ዲስክ ሊቧጥጠው ይችላል። ሻጩ ግማሽ ሰዓት አልጠብቅም ካለ ይውጡ። ያለ ትራንስፎርመር በቀጥታ ሊሰካው ሲል ካዩት ደግሞ መጀመሪያ ፈንጠር ይበሉ፣ ከዚያ ይውጡ።